የመኪና ሆድና ድንጋይ፦ የሥር መከላከያ ምን ይሠራል፣ የትስ ይታሰራል?

ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር ተነሥቶ ከአስፋልት የወጣ መኪና፣ አሽከርካሪው የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ አንድ ቀን ከሥሩ መመታቱ አይቀርም። የሚመታው ነገር ግን እንደ አካባቢው ይለያያል። በሽንሌ ሜዳ ከዋናው መንገድ በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ጎማ የሚያስፈነጥረው ኮረት ነው። በደቻቱና እንደ እርሱ ዝናብ ሲጥል ብቻ በሚፈስሱት ወንዞች ውስጥ ደግሞ መኪናው በሆዱ አሸዋ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከባቢሌ ወደ ዝሆኖች መጠለያው አቅጣጫ ሲወረድ ጎርፍ የሸረሸረው ቦይና ከአፈር ብቅ ያለ ግራናይት ያጋጥማል፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት ተረተሮች ላይ ደግሞ ጠርዙ ያልዶለዶመ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁራጭ ብረት መመከት እንደሚቻል አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ነገሩ ግን ከዚያ ትንሽ ይወሳሰባል።

የሥር መከላከያ፣ ማለትም ከመኪናው ሆድ በታች የሚታሰር ላሜራ፣ ለማስገጠም ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና ብዙውን ጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «አቦ፣ ወፍራሙን ላሜራ ምታልኝ» ይላል፤ በያጁም የሚመልስለት በሚሊ ሜትር ነው። በእኔ ግምት ይህ በመጨረሻ መነሣት የነበረበት ጥያቄ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት መከላከያው የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍን፣ ምቱን ተቀብሎ ወደየት እንደሚያስተላልፍ፣ ከሚጠብቀው ዕቃስ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ ነው። በተሳሳተ ቦታ የታሰረ ባለ ስድስት ሚሊ ብረት፣ በአግባቡ ከታጠፈና ከታሰረ ባለ ሦስት ሚሊ ላሜራ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት በመጀመሪያ ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከሥር ያለው

መኪናው ተነሥቶ፣ በድጋፍ ቆሞ፣ የእጅ ባትሪ ተይዞ ሲታይ፣ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ቅደም ተከተል በአብዛኞቹ የመስክ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩ የታችኛው ጫፍና ቱቦው ይታያሉ፤ ቀጥሎ የመሪ ዘንጎች፣ ከዚያም የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ ይመጣሉ። ከኮፓው በስተኋላ የማርሹ ሳጥን ካምቢዮው ይገኛል፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) በሆኑት መኪኖች ላይ ከካምቢዮው ጋር ተያይዞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሳጥን አለ። ወደ ኋላ ሲኬድ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ የነዳጅ ታንኩ፣ የኋላው ዲፈረንሻልና በብዙዎቹ ላይ ትርፍ ጎማው ይከተላሉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ እንደ እርሳስ የቀጠኑ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የመኪናውን የብረት አጽም፣ ሻንሲውን፣ ተከትለው ያልፋሉ።

ሁሉም እኩል ለጉዳት የተጋለጡ አይደሉም። በላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ላይ እንዳለው ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው አንድ ወጥ በሆነ አክስል ላይ የተቀመጠ ዲፈረንሻል ከመሬት በጣም የሚቀርበው ክፍል ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ወፍራም ብረት ስለሆነ ድንጋይ ቢቦጭረውም ብዙ ጊዜ ይችለዋል። አንድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ አክስሉ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ዲፈረንሻሉም ከፍ ይላል። የፊት እግሮቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱት በፕራዶና በሃይሉክስ ዓይነቶቹ ላይ ሁኔታው የተለየ ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞላው ሲጨማደድ የሞተሩ ሆድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ቆሞ ሲለካ የተገኘው ከፍታ በዚያች ቅጽበት የለም ማለት ነው። በፍጥነት የተገባበት ጉድጓድ በዝግታ ከተወጣበት ቋጥኝ ይልቅ ኮፓ የሚሰብረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮፓው ራሱ ከሁሉም ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው ክፍል ነው። በቆዩት ሞተሮች ላይ ከስስ ላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ቅልጥ ነው። ላሜራው ሲመታ ይሰረጉዳል፤ አሉሚኒየሙ ሲመታ ይሰነጠቃል። ሰዎች የሚፈሩት ስንጥቁን ነው፤ ዘይቱ መሬት ላይ ስለሚፈስስ ጉዳቱ ወዲያው ይታያልና። ስርጉዱ ግን ተንኮለኛ ነው። በኮፓው ውስጥ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚስበው ቱቦ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው፤ ይህ ወንፊት ዘይቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ለመሳብ እንዲችል ከኮፓው ወለል በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አንድ ድንጋይ ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ ከወንፊቱ ጋር ካገናኘው የመሳቢያው አፍ ይጠባል ወይም ይዘጋል። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሙሉ ያሳያል፤ ነገር ግን ሞተሩ ዘይት እየተጠማ ነው። ስለዚህ የተሰረጎደ ኮፓ «አይፈስም» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ወርዶ መስተካከልና ወንፊቱ መታየት አለበት።

በፋብሪካ የተገጠመ መከላከያ አለን ብለው የሚጽናኑም ብዙ ናቸው። በትንንሾቹ የከተማ መኪኖችና ሻንሲ በሌላቸው ኤስዩቪዎች ሥር የሚገኘው ጥቁር ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሥራው የአየር ፍሰትን ማሳመር፣ ድምፅ መቀነስና አቧራና ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ ማድረግ ነው፤ ለድንጋይ ታስቦ የተሠራ አይደለም። በመስክ መኪኖቹ ላይ የሚመጣው ስስ ብረትም ለጠጠርና ለቀላል ቡጭሪያ ይበቃል እንጂ የመኪናውን ክብደት ድንጋይ ላይ ተሸክሞ እንዲንሸራተት የታሰበ አይመስልም።

ብረቱ የሚሠራው ሥራ

አንድ መከላከያ ድንጋይ ሲነካው ሁለት ነገር እንዲያደርግ ይፈለጋል። አንደኛው መኪናው ድንጋዩ ላይ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ነጥብ ያረፈውን ኃይል በትኖ ወደ ሻንሲው ማድረስ ነው። መንሸራተት እንዲችል የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ታጥፎ ከፓራውልቱ (ከፊተኛው የግጭት መከላከያ) ጀርባ መደበቅ አለበት፤ ወደ መሬት ያፈጠጠ ቀጥ ያለ ጠርዝ ድንጋዩን ያዘው ማለት ነውና መኪናው በቆመበት ይቀራል፤ ብሎኖቹም ይቆረጣሉ። መከላከያው ከአንድ በላይ ቁራጭ ከሆነ፣ የፊተኛው ቁራጭ የኋላ ጠርዝ ከተከታዩ የፊት ጠርዝ በታች መደረብ አለበት፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ውኃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ እንደሚደራረበው ነው። በተቃራኒው ከተደረበ መኪናው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ድንጋይ በክፍተቱ ይገባና ላሜራውን ገልብጦ ይዞት ይመጣል። በትክክል የተደረበውም ቢሆን ወደ ኋላ ሲነዳ ይህ ሥጋት አለበት፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠን መኪና በጉልበት ወደ ኋላ መጎተት የማይመከረው አንዱ ለዚህ ነው።

ስለ ማቴሪያሉ ሲነሣ ምርጫው በተግባር በብረት ላሜራና በአሉሚኒየም መካከል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 3 ሚሊ ብረት 23.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባለ 4 ሚሊው ከ31 ኪሎ ይበልጣል። ያንኑ ስፋት ያለው ባለ 6 ሚሊ አሉሚኒየም ግን 16 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። አሉሚኒየም በተፈጥሮው ከብረት ይልቅ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ዝርግ ዕቃ ላለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ባለ 6 ሚሊው አሉሚኒየም ግማሽ ያህል ክብደት ብቻ ኖሮት ከባለ 4 ሚሊው ብረት በመጠኑ ይበልጥ ላለመታጠፍ ይታገላል። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ሸካራ ግራናይት ይነክሰዋል፣ ይቧጥጠዋል፤ ብረት በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ አሉሚኒየም ይይዛል።

ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው የእኔ ምርጫ ያለ ብዙ ማመንታት ብረት ነው። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። የታጠፈን ብረት በመዶሻ አቅንቶ በተራ ኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው በየወረዳው ከተማ ይገኛል፤ አሉሚኒየም ለመበየድ ግን የአርጎን ጋዝና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የባቡሩም ጋራዥ መቀመጫ የነበረች ከተማ ስለሆነች ብረት ማጠፍና መበየድ የሚያውቅ እጅ ለእርሷ አዲስ ነገር አይደለም። ክብደቱ በእርግጥ የሚያስጨንቀው እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ላለች ቀላል መኪና ነው፤ እዚያ ላይ አሉሚኒየም ወጪውን የሚያጸድቅ ይመስለኛል። ለሃይሉክስና ለላንድክሩዘር ግን ጎኖቹ ወደ ላይ የታጠፉ፣ መሐሉ ላይ በርዝመቱ አንድ ሁለት እጥፋት የወጣለት ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ከዝርጉ ወፍራም ብረት የተሻለ ነው፤ እጥፋቱ ጥንካሬ ይጨምራል፤ ክብደት ግን አይጨምርም። ከዚህ በላይ ውፍረት መጨመር የሚያስፈልገው ሥራው ሁልጊዜ ቋጥኝ ላይ ለሆነ መኪና ነው።

አስተሳሰሩ

ብዙ መከላከያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምቱ መድረስ ያለበት ሻንሲው ወይም ሻንሲውን የሚያገናኘው ተሻጋሪ ብረት ጋ ነው፤ ሻንሲ በሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የሚሸከመው ታችኛው ፍሬም ጋ ነው። መከላከያውን ከራዲያተሩ መያዣ፣ ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ወይም ይባስ ብሎ ከራሱ ከኮፓው ብሎኖች ጋር ማሰር አደጋውን ወደሚጠበቀው ዕቃ መጋበዝ ነው። ከካምቢዮው ጋር የታሰረ ላሜራ ድንጋይ ሲመታው የሚሰነጥቀው የካምቢዮውን ቤት ነው፤ ላሜራው ባይኖር ኖሮ ያ ድንጋይ ምናልባት ቧጥጦት ብቻ ያልፍ ነበር።

በብየዳ ከሻንሲው ጋር ማጣበቅም ጥሩ ሐሳብ አይደለም። የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጠዋል፤ ሻንሲው ደግሞ ሲጫንና ሲራገፍ፣ ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ዘወትር የሚጠማዘዝ አካል በመሆኑ ስንጥቅ ከዚያ ቦታ ሊጀምር ይችላል። ከዚህም ሌላ የተበየደ መከላከያ ዘይት ለመቀየርም ሆነ ፍሪሲዮን ለማውረድ በተፈለገ ጊዜ በግራይንደር ካልተቆረጠ አይወርድም። በአብዛኞቹ የመስክ መኪኖች ሻንሲ ላይ ዳዶ የተቀመጠላቸው ነባር ቀዳዳዎች አሉ፤ ላሜራውን ለእነርሱ ማስማማት ይቀላል። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ምልክት ያለባቸው፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ቢሆኑ ይበቃል። ጭንቅላታቸው ወደ መሬት ካፈጠጠ ድንጋይ ይልጠውና ቁልፍ የማይዘው ክብ ጉብታ ይሆናል፤ ስለዚህ ላሜራው በብሎኑ ቦታ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱን እንዲሸሽገው ይደረጋል፤ ወይም ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያለው ብሎን ይመረጣል። የግድ አንዳች ነገር መኪናው ላይ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ አስቀድሞ መፈታት ይኖርበታል፤ ያለዚያ የብየዳው ኃይል የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚያ የክፍተቱ ጉዳይ ይመጣል። ሞተሩ በጎማ መቀመጫዎች ላይ ያረፈ በመሆኑ ነዳጅ ሲረገጥ ይወዛወዛል፣ ጉድጓድ ላይ ወደ ታች ይዘልላል። ላሜራው ግን ከሻንሲው ጋር ስለታሰረ ባለበት ነው። በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ካልተተወ ምንም ድንጋይ ሳይኖር እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ ላሜራው ጥቂት እንደታጠፈ ምቱ በቀጥታ ኮፓው ላይ ያርፋል። «ከመሬት እንዲርቅ አጣብቀህ እሠረው» የሚለው ትእዛዝ የሚያስከትለው ይህንን ነው። ከፍታ ለማትረፍ ተብሎ የተሠዋ ክፍተት መከላከያውን ከንቱ ያደርገዋል።

ለዘይት ማውረጃው ክዳን (ታፖ) ትይዩ የሚሆን ቀዳዳ መበጀቱም አይዘነጋ። በጣም ከሰፋ ድንጋይ ይገባበታል፤ በጣም ከጠበበ ደግሞ የሚወርደው ዘይት ላሜራው ላይ ይፈስና ለሳምንታት እየተንጠባጠበ ባለመኪናውን «ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አለቀ» በሚል ሥጋት ያስጨንቀዋል።

ሙቀት፣ ሣርና ጭቃ

ማንኛውም የሥር መከላከያ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ይህን አስቀድሞ አውቆ መግባት ይሻላል። በራዲያተሩ በኩል የሚገባው አየር ሞተሩን አልፎ በአብዛኛው የሚወጣው ከሥር ነው። ያ መውጫ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ትኩሱ አየር ሞተሩ ክፍል ውስጥ ይታመቃል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ጭነት ተይዞ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬዳዋ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ልዩነቱ በሙቀት መለኪያው ላይ ይታያል። መፍትሔው ላሜራው ላይ ወደ ኋላ ያዘነበሉ መተንፈሻ ስንጥቆችን ማውጣት ነው፤ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ አየሩን ስበው ያስወጣሉ፤ ድንጋይም አይገባባቸውም። አዲስ መከላከያ ያስገጠመ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ዳገት ሲወጣ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ባይነቅል መልካም ነው።

ሣር ከሙቀቱ የባሰ ነው። ክረምቱ አልፎ በባቢሌና በኤረር ሸለቆ ያለው ሣር ሲደርቅ፣ ሜዳ አቋርጦ የሚያልፍ መኪና ከሥሩ ሣር እየለቀመ በላሜራውና በጭስ ማውጫው መካከል ይጠቀጥቃል። ጭሱን የሚያጣሩት የካታሊስትና የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ ክፍሎች በጣም ይግላሉ፤ የናፍጣ ጭስ ማጣሪያው የጠራቀመውን ጥቀርሻ በሚያቃጥልበት ጊዜ በውስጡ ያለው ሙቀት እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ደረቅ ሣር ለመቀጣጠል ከዚህ በጣም ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል። በዚህ ወቅት በሣር ውስጥ የሚሄድ መኪና በየመሐሉ ቆሞ ከሥሩ መፈተሽና የተወተፈው ሣር መመንጠር አለበት፤ እሳት ማጥፊያውም ከዕቃ ሁሉ ሥር ተቀብሮ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ሣር በሚበዛበት መንገድ ለሚሠራ መኪና የጭስ ማውጫውን ዙሪያ ባልሸፈን እመርጣለሁ።

ጭቃው የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው። ላሜራው ላይ የተኛ ጭቃ በቆላው ሙቀት እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዘይት ፍሳሽ ቢኖርም ይደብቀዋል። መከላከያው ከመገጠሙ በፊት በሁለቱም ፊት አንቲረስት መቀባቱ፣ ከክረምት በኋላም አንድ ጊዜ ወርዶ መታጠቡ ይበቃል።

ላሜራ የማይሸፍነው

ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችና ሽቦዎች ላሜራ አይደርስላቸውም። የጎማው ኮረት ዘወትር የሚደበድበው የፍሬን ቱቦ በረጅሙ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ቢሸፈን፣ የተንጠለጠለ የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ሽቦም በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ላይ ቢሰበሰብ ትንሽ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። በበሮች ሥር ያለው የጎን ክፍልም የራሱ ጉዳይ አለው። ለውበትና ለመሳፈሪያ የሚገጠመው ክብ መርገጫ ከቦዲው ጋር የታሰረ ከሆነ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ታጥፎ በሩን ይገፋዋል፤ እውነተኛው የጎን መከላከያ ከሻንሲው ላይ የሚነሣ፣ የመኪናውን ጎን በክሪክ ማንሣት የሚችል ወፍራም የብረት ቱቦ (ቱቦላሬ) ነው።

የመኪናውን ሥር ሬንጅነት ባለው ጥቁር ቀለም ማስነፋት ዝገትንና የጠጠር ጭረትን ይከላከላል፤ ከድንጋይ ግን አያድንም። የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ መርጨት ግን መቆም ያለበት ልማድ ነው። ዘይቱ የእግሮቹን ጎሚኒዎችና ሌሎች የጎማ ክፍሎች ያበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ አዲስ የሚፈስስ ዘይት ሲመጣም ከአሮጌው መለየት አይቻልም።

ደረቅ ወንዝ ማቋረጥ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአሸዋ የጎማ ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ሲደረግ መኪናው ይንሳፈፋል፤ በዚያው ልክ ግን ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአሸዋው ወጥቶ ድንጋይ ከመግባት በፊት ንፋሱ መመለስ አለበት። ውኃ ካለ ደግሞ ከረጅም ጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃን በፓራኦሊዮው በኩል ይስባል፤ በኋላ ታፖው ሲከፈት የሚወርደው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ለዚህ መድኃኒቱ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ ተደርጎ መታሰሩና ወደ ውኃው ከመግባት በፊት ጥቂት ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። በሚፈስስ ጎርፍ ውስጥ ስለ መግባት ግን ምንም ዓይነት መከላከያ አይወራም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል።

ከፍታ፣ ጭነትና አነዳድ

ብረት ከመግዛት በፊት ያለውን ከፍታ ጠብቆ መያዝ ይቀድማል። ባለ አምስት በሩ መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ደርቦ ሲነሣ የኋላው ሞላ ወይም ባሌስትራ ይተኛል፤ ያረጀ ባሌስትራ ደግሞ ባዶውንም ተኝቶ ይሄዳል። አዲስ ባሌስትራ ማስገባት ብዙ ጊዜ ከላሜራው ይልቅ ለሥሩ ይጠቅማል። ከፍ ማድረግ ለሚፈልጉ ደግሞ ይህን ልብ ማለት ይበጃል፤ የሞላ ማስረዘሚያ ቦዲውንና ሻንሲውን ያነሣል እንጂ አክስሉን አያነሣም። በአንድ ወጥ አክስል ላይ ያለውን ዲፈረንሻል ከመሬት የሚያርቀው የጎማው መጠን ብቻ ነው፤ እርሱም በግማሹ፤ ቁመቱ በ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎማ ለዲፈረንሻሉ የሚጨምርለት 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

በአነዳድ በኩል ለአብዛኛው ሰው የሚከብደው አንድ ነገር፣ ድንጋዩን በሁለት ጎማ መካከል አድርጎ በሆድ ሥር ከማሳለፍ ይልቅ ሆን ብሎ ጎማውን በላዩ ማውጣት ነው። የማይመች ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማ ድንጋይ ለመውጣት የተሠራ ነው፤ ኮፓ አይደለም። ጎርፍ መሐሉን በቦረቦረው መንገድ ላይም ጎማዎቹን በከፍታው ጠርዝ ማስኬድ ከቦዩ ውስጥ ገብቶ ሆድ ከማስጎተት ይሻላል። በብዙ መኪኖች ላይ የፊተኛው ዲፈረንሻል በመሐል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ስለሚቀመጥ፣ የራስን መኪና አንድ ጊዜ ከሥሩ አይቶ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅና ከፍ ያለውን ድንጋይ በሌላው በኩል ማሳለፍ ይቻላል። ባልታወቀ መንገድ ላይ ረዳቱ ወይም ከተሳፋሪው አንዱ ወርዶ ከፊት ቢመራ ደግሞ ማንም የሚያፍርበት ነገር የለም።

ከተመታ በኋላ

ከሥር ከባድ ድምፅ ከተሰማ መጀመሪያ የሚታየው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት ነው። ከበራ ሞተሩ ያኔውኑ መጥፋት አለበት፤ «እስቲ እስከ ባቢሌ ልድረስ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። የዘይት ግፊት ያጣ ሞተር ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ብሮንዚና በልቶ ተጣብቆ እስኪቀር ብዙ ጊዜ አይወስድበትም፤ የኮፓ ጥገና ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መብራቱ ባይበራም ከመንገዱ ዳር ወጥቶ መቆም፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል። ናፍጣና ቤንዚን በሽታቸው ይታወቃሉ፤ የፍሬን ዘይት ከሆነ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ያ መኪና ከቆመበት መነሣት የለበትም።

የተቀደደ የነዳጅ ታንክ በመንገድ ላይ በደረቅ ሳሙና ይደፈናል፤ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ሳሙናን አያሟሟውምና ተለስልሶ ስንጥቁ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ቅርብ ወዳለው ጋራዥ ያደርሳል። ታንኩ ለብየዳ ሲወርድ ግን ባዶ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በውስጡ የቀረው ትነት ስለሚፈነዳ በሚገባ መታጠብ አለበት። ለተሰነጠቀ ኮፓ ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚደርቀው የብረት ማጣበቂያ ይሠራል፤ ሁኔታው ግን ስንጥቁ ከዘይት ፈጽሞ የጸዳ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ወርዶ፣ ቦታው በቤንዚን ታጥቦና ደርቆ፣ ማጣበቂያውም እስኪጠነክር ተጠብቆ ዘይቱ ተመልሶ ይሞላል። ማጣበቂያውን የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላውን ያጣል እንጂ መኪናውን አያጣም።

መከላከያው ራሱ ተመትቶ ከታጠፈ ደግሞ በእጅ በላሜራውና በኮፓው መካከል ያለውን ክፍተት መዳሰስ ያስፈልጋል። ጣት የማያስገባ ከሆነ ላሜራው ወርዶ፣ በአፉ ተገልብጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በመዶሻ ወይም በክሪክ ዘንግ መቃናት አለበት፤ ካልሆነም መኪናው ላይ ተጭኖ ያለ እርሱ በዝግታ መመለስ ይቻላል። ሲመለስ የተላጡት ብሎኖች በአዲስ ይተካሉ፤ ቀዳዳቸው ሞላላ ከሆነም ሰፊ ሮንዴላ ይደረብላቸዋል።